ያልጾምኳቸው ሃያ አንድ ቀናት

ጌታ ይባረክ፣ ቅዱሳን! ዛሬ መመስከር እፈልጋለሁ፤ ብቻ መጀመሪያ ወንበር ስጡኝ። እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ፣ ተባረክ። ቆሜ ብናገር ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ጉልበት የለኝም፤ ነገሩም ረጅም ነው። መጋቢያችን "አሥር ደቂቃ" ብለውኛል። ካለፈብኝ ይታገሡኝ፣ መጋቢ።

ለማታውቁኝ፣ ሰብለ እባላለሁ። የምኖረው አያት ኮንዶሚኒየም ነው። ኢምፔሪያል አካባቢ መጋረጃ እሰፋለሁ። እዚህ ጎሮ፣ በዚህች ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ዘምሬያለሁ። የምታውቁኝ አምና በዚሁ መድረክ ላይ፣ በዚሁ ማይክ ምን እንዳልኩ ታስታውሳላችሁ። "ሃያ አንድ ቀን ጾምኩ፣ ጸለይኩ፣ ጌታ ይህን ሁሉ ሥጋ ከላዬ ላይ አራገፈልኝ" ነበር ያልኩት። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። እማማ አስካለ ከፊት ወንበር ተነሥተው እያለቀሱ አቀፉኝ።

ወገኖቼ፣ ያ ውሸት ነበር። አልጾምኩም። ቀዶ ጥገና ነው ያደረግኩት። ጨጓራዬን ቆርጠው አሳንሰው ሰፉት። ይኸው ተናገርኩት፤ ጌታ ይክበር!

አይዟችሁ፣ አታጉረምርሙ። ከመጀመሪያው ልነሣ።

መቶ ሠላሳ ስምንት ኪሎ ነበርኩ። ቤቴ አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያሉት ጎረቤቴ እንዳርፍበት ብለው ደረጃው ጥግ የፕላስቲክ በርጩማ አስቀመጡልኝ። ደግ ሰው ናቸው፣ ጌታ ይባርካቸው፤ እኔ ግን ያቺን በርጩማ ባየሁ ቁጥር በእርግጫ ብላት ደስ ይለኝ ነበር። እየጠላኋት እቀመጥባታለሁ። ከኢምፔሪያል ታክሲ ስሳፈር ደግሞ ባዶ ወንበር አጠገብ ያለው ሰው ቀና ብሎ ያየኝና "ሰው አለው" ይለኛል። ማን እንዳለው እንጃ። ለመዘምራን ልብስ ሲሰፋም የኔ ብቻ ለብቻው ይለካል፤ የምለካው ራሴ፣ የምሰፋውም ራሴ ነኝ፤ ያም ሆኖ አፍር ነበር።

እምነቴን ጠይቁኝ እስቲ። እዘምር ነበር እንጂ አላምንም ነበር። አፌ "ሃሌ ሉያ" ይላል፣ ልቤ "ማን እያየኝ ነው?" ይላል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከእግዚአብሔር ጋር ሳልነጋገር ስለ እግዚአብሔር ዘመርኩ። እንዴት እንደሚያደክም!

ከዚያ ሐኪሙ ነገረኝ። "እህቴ፣ ስኳሩም፣ ግፊቱም፣ የጉልበትሽም ሕመም ሥሩ አንድ ነው። ኪኒን ብቻ አላዋጣሽም። ቀዶ ጥገናውን አስቢበት" አለኝ። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለታደሰ ነገርኩት። ታደሰ ብዙ አያወራም። "ደግ፣ እናድርገው" አለ። እኔ ነኝ "ለቤተ ክርስቲያን ሰው ምን እንላለን?" ያልኩት። "እግዚአብሔርን ትታ በቢላ ተማመነች" የምትሉኝ መሰለኝ። ብትሉኝም ባትሉኝም መሰለኝ። ስለዚህ "ሰብለ የት ጠፋች?" ሲሉህ ለሃያ አንድ ቀን ጾም ጸሎት ወጥታለች በል አልኩት። ታደሰ "እንዴ ሰብለ፣ ይሄ እንኳን ይቅር" አለኝ። አልሰማሁትም።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ በእነዚያ ቀናት ውኃና ቀጭን ሾርባ በማንኪያ ብቻ ስለነበር የምወስደው፣ በኋላ በኋላ ለራሴም ጾም መሰለኝ። ውሸት ሲቆይ እንዲህ ያደርጋል፤ ቤትሽ ገብቶ ዕቃ ያስተካክላል።

እዚያው ሆስፒታል አንዲት ነርስ የአንዲት ሴት ስልክ ሰጠችኝ። ወይዘሮ ዘይነባ ይባላሉ። የወሎ ሰው ናቸው፤ እዚሁ ጎሮ የቅመማ ቅመም ሱቅ አላቸው። ይህንኑ ቀዶ ጥገና ከእኔ አራት ዓመት ቀድመው አድርገዋል። አዎ፣ ሙስሊም ናቸው። ጌታ ለእኛ ማንን እንደሚልክልን አያማክረንም፤ ስሙ ይባረክ! ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ከሱቃቸው ኋላ ባለችው ክፍል ስድስት ሰባት ሆነን እንሰበሰባለን፤ ሁላችንም ጨጓራችን የተቀነሰ ነን። አንዷ ታለቅሳለች፣ አንዱ "አስመለሰኝ" ይላል፣ ዘይነባ ሁላችንንም ይቆጣሉ።

"ስሚኝ አንቺ ልጅ" አሉኝ የመጀመሪያ ቀን። "መጀመሪያ እንቁላሉን፣ ዓሣውን፣ ምስሩን ብዪ። እንጀራው ቦታ ከተረፈው ነው። ስትበዪ አትጠጪ፤ ግማሽ ሰዓት ቆዪ። ቫይታሚኑን ዕድሜ ልክሽን አትተዪ። ጠጉርሽ ይረግፋል፣ አትደንግጪ፣ ይመለሳል። እና ደግሞ ለሰው ንገሪ። ያልነገርሽው ሰው ወድዶሽ ይጎዳሻል።"

ሁሉንም ፈጸምኩ። የመጨረሻዋን ብቻ ዘለልኳት።

እማማ አስካለ የልጅ ልጃቸውን ምርቃት ሲደግሱ አብዛኞቻችሁ ነበራችሁ። ቀዶ ጥገናውን ካደረግኩ ገና ሁለት ወር ተኩል ነበር። ጥግ ይዤ ሳህኔ ላይ ያለውን እየነካካሁ ነበር። እማማ አስካለ ዶሮውን በእንጀራ ጠቅልለው መጡ። እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ልናገረው ነው። ጉርሻዎ ቡጢ ያክል ነበር! "በቃኝ እማማ" አልኩ። "ከእጄ ነው የማትጎርሺው? እኔ አስካለ ሞቼ ልገኝ!" አሉኝ። ምን ልበል? በድግስ ቀን "ጾም ላይ ነኝ" ልበል? ጎረስኩ። አንዱን ከጎረስኩ ሁለተኛው መጣ፣ ሦስተኛውም መጣ፤ ሰዉ ደግሞ ያጨበጭባል። ደረቴ ሥር ድንጋይ የተቀመጠ መሰለኝ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ መሬት ላይ ተንበርክኬ ስታገል፣ በር ላይ የቆሙት እህቶች "አርግዛ ይሆን እንዴ?" ሲባባሉ እሰማለሁ። በአርባ ስድስት ዓመቴ! ሳቁ፣ ግድ የለም፣ እኔም ዛሬ ያስቀኛል።

ስወጣ ከበቡኝ። "እውነቱን ንገሪን ሰብለ፣ ምን አድርገሽ ነው እንዲህ የቀጠንሽው?" ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ግን ደክሞኛል፣ አፍሬያለሁ፣ ዓይኔ እንባ ሞልቷል። "በጾም በጸሎት ነው" አልኩ። በሚቀጥለው እሑድ ማይኩን ሰጣችሁኝ። የቀረውን ታውቃላችሁ።

የማታውቁትን ልንገራችሁ። ያን ቀን እልል ካሉት አንዷ እህቴ ትዕግስት ናት። በመዝሙር ጊዜ ሁልጊዜ በቀኜ የምትቆመው። ስኳር አለባት፤ ጠዋትና ማታ መርፌ ትወጋለች። ከፕሮግራም በኋላ እጄን ያዘችና "ሰብልዬ፣ ስትጾሚ መድኃኒትሽንስ?" አለችኝ። የስኳር ኪኒኔን ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሐኪሙ ለክቶኝ፣ አይቶኝ አስቁሞኝ ነበር። እኔ ግን ሐኪሙን ዘለልኩትና "እኔማ ኪኒን የሚባል የለኝም፣ ጌታ ገላገለኝ" አልኳት። እንዲህ ነው ያልኩት። ደስ ብሏት ሄደች።

ትዕግስት ለማንም ሳትናገር ጾም ያዘች። መርፌውን ተወችው። ቅዳሜ ከሰዓት መዝሙር ልምምድ ላይ አጠገቤ ቆማ እየዘመረች፣ ድምጿ እየሳሳ እየሳሳ መጣ። ዞር ስል ወደቀች። ከንፈሯ ደርቋል፣ ትንፋሿ እንግዳ ሽታ አለው። ተሸክመን ሐኪም ቤት አደረስናት። ሐኪሟ "ይህችን ሴት መርፌሽን ተዪ ያላት ማነው?" ብላ በቁጣ ስትጠይቅ ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። መልሱን የማውቀው ግን እኔ ብቻ ነበርኩ።

በሦስተኛው ቀን ነቃች። ጌታ ይመስገን፣ ነቃች! ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ዓይኗን ገልጣ አየችኝና፣ "ሰብልዬ፣ አንቺን ሰማሽ። እኔን ለምን እምቢ አለኝ? ምን ጎደለኝ?" አለችኝ።

ቅዱሳን፣ ተነሥቼ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ሰው ቦታ ለቀቀልኝ፤ ከቀጠንኩ ወዲህ ማንም "ሰው አለው" አይለኝም። ቤቴ ደረጃ ላይ ስደርስ ሁለተኛ ፎቅ ሳላርፍ አለፍኩ፣ ከዚያ ተመለስኩና እዚያችው በርጩማ ላይ ዘጭ አልኩ። ሰው ሽቅብ ቁልቁል ይላል። እዚያ ተቀምጬ "ጌታ ሆይ፣ መዋሸት ደከመኝ። በስምህ ዋሽቼ እህቴን ልገድላት ነበር። ማረኝ" አልኩት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ዘጠኝ ዓመት ከዘመርኩ በኋላ የመጀመሪያ ጸሎቴ ያ ነበር። ጌታን ያገኘሁት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ክብር ለስሙ ይሁን! መብራት አላየሁም፣ ድምፅ አልሰማሁም። ብቻዬን እንዳልሆንኩ ግን አወቅኩ፤ አለቀስኩም።

ለወይዘሮ ዘይነባ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ከዚያ "እኔ በርበሬ ስሸጥ እንኳ በስሙ ለመማል እፈራለሁ። አንቺ በስሙ ምን አደረግሽ ልጄ?" አሉ። እኔ ስነፈርቅ ደግሞ "በይ በቃ፣ ነገ ሂጂና ሆድሽን አሳዪያት" አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሄድኩ። በሩን ዘጋሁና ሸሚዜን ገለጥኩላት። አምስት ትናንሽ ጠባሳ አለኝ። ትዕግስት በጣቷ አንድ በአንድ ነካቻቸው። "ይሄ መቼ ነው?" አለች። "ጾምኩ ባልኩበት ጊዜ" አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ይቅርታ ብዬ ለመንኳት።

መርፌዋን ጀመረች፤ ቤተ ክርስቲያን መምጣት ግን ተወች። ምክንያቱን እኛ እናውቃለን። መጾሟ ሲሰማ "እምነቷ አነሰ" ያልን አለን። "እንደ ሰብለ አልጸለየችም" ያልንም አለን። በጆሮዬ ሰምቼ ዝም ብያለሁ። ሦስት ወር ሙሉ ስደውልላት አታነሣም። ባለፈው ሳምንት አንድ መልእክት ላከችልኝ፤ "ለእኔ ነግረሽኛል። ለእነሱ አልነገርሽም። በማይክ የሰማሁትን በማይክ አንሺልኝ" ይላል።

መጋቢ ቢሮ ሄድኩ። ሁሉንም ሲሰሙ፣ "ያኔ ሳልጠይቅሽ ነው ማይኩን የሰጠሁሽ። እኔም አለሁበት" አሉኝ። ጌታ ይባርክዎ፣ መጋቢ።

እነሆ ዛሬ ሰማንያ ሰባት ኪሎ ነኝ። ቀላል ነው እንዳትሉ። ይደክመኛል። ሻሽ የማስረው ጠጉሬ ገና ስላልሞላ ነው። ሆዴ ሳይሆን ዓይኔ የሚርበው ቀን አለ። የቀድሞውን ውፍረቴን የምፈልገው ቀንም አለ፤ ያኔ ቢያንስ ምን እንደምጠላ አውቅ ነበር። ግን ስጸልይ አሁን ከማን ጋር እንደማወራ አውቃለሁ፤ ሃሌ ሉያ! ሐኪሙንም እርሱ ነው የሰጠኝ፤ ዘይነባንም እርሱ ነው የሰጠኝ። ክብሩን የወሰድኩበት ሐኪሙን ስለደበቅኩ ነበር።

ከመካከላችሁ ይህን ቀዶ ጥገና ያደረጋችሁ፣ ወይም የምታስቡበት ካላችሁ፣ አትደበቁ። ወደ እኔ ኑ፤ ሐሙስ አብረን ዘይነባ ጋ እንሄዳለን። መድኃኒት የምትወስዱ፣ መጾም ካማራችሁ መጀመሪያ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ጌታን ታመኑት፤ ሐኪም ቤት ስለገባችሁ አያፍርባችሁም፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብላችሁ ብትጠሩትም ይሰማል። እማማ አስካለ፣ እርስዎ ደግሞ ዛሬ ምሳ ላይ እባክዎ አያጉርሱኝ። እጅዎን ብቻ እስማለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ትዕግስት መጥታለች። በሩ አጠገብ፣ መጨረሻው ወንበር ላይ ናት። አትዙሩባት፣ ታፍራለች። ትዕግስትዬ፣ አንቺ ምንም አልጎደለሽም። እምነትሽ አላነሰም። ያመንሽው ውሸት ነበር፣ ውሸታሟም እኔ ነኝ። ይቅር በዪኝ ብዬ አላስጨንቅሽም፤ ጊዜሽን ውሰጂ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፤ ዛሬ ጠዋት መርፌሽን ተወግተሻል?

አያችሁ? ራሷን ነቀነቀች። ተወግታለች። ተመስገን!

ወገኖቼ፣ አምና ለእኔ ያላችሁትን እልልታ መልሳችሁ ውሰዱት፤ ለእሷ ስጡልኝ። ድምፄ ደክሟል፣ ግን እኔ እጀምራለሁ። እልልልልል!