ከአዛን የቀደመው መብራት

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት በረመዳን ነው። ዓመት ቢያልፈውም ያ የቆርቆሮ በር ቀዳዳ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ጅማ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የኤሌክትሮኒክስ ላብ ቴክኒሺያን ነኝ። የመጣሁት ከደብረ ብርሃን ሲሆን በቾ ቦሬ በሚባል ሰፈር፣ አባ ራያ የተባሉ አዛውንት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። አባ ራያ መስማት ካቆሙ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ዓይናቸውም ስለደከመ የሰዓት ቁጥር አይለዩም። በጾም ወር የማፍጠሪያው፣ የመግሪብ አዛን ሲል ትከሻቸውን ነካ አድርገው የሚያሳውቋቸው ባለቤታቸው ነበሩ። በዚያ ዓመት ግን ልጃቸው ወልዳ ሊያርሷት ሰኮሩ ሄዱ። እኔ ደግሞ ብዙ ቀን ከሥራ የምገባው ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ነው።

ሙያ አለኝ ብዬ ተነሳሁ። አንዲት ማይክሮኮንትሮለር፣ እንዳዘዟት የምትሠራ ትንሽ ሰሌዳ፣ እና አንድ ሜትር የኤልኢዲ ስትሪፕ፣ ቀለሙን የሚቀያይር የመብራት ጥብጣብ፣ ነበረኝ፤ በረንዳው ላይ ሰቀልኩላቸው። ከመግሪብ ሃያ ደቂቃ በፊት ቀይ ይበራል፣ ለሶላት ታጥበው ውዱእ እንዲያደርጉ። ልክ በሰዓቱ ደግሞ አረንጓዴ።

ጣጣው ኃይሉ ላይ መጣ። የሰፈራችን መብራት ደስ ሲለው ብቅ የሚል እንግዳ ነው። ፓወር ባንክ ስሞክር ሰሌዳዋ የምትወስደው ኃይል ትንሽ ስለሆነ የተሰካበት ነገር የለም ብሎ ይጠፋል። አባ ራያ ስቸገር አይተው በድሮው ልማድ ቆርቆሮው ላይ ፀሐይ ሲያሞቋቸው የነበሩትን አራት የሬዲዮ ድንጋዮች አወረዱ። በሰፈሩ ደንብ የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ሲመታው ይነሳል።

«ውሰጂ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ። እኔ ከእንግዲህ ሬዲዮ ለምኔ ነው!» አሉኝ።

አዲስ ልገዛ አስቤ ነበር፤ የእሳቸውን እጅ መመለስ ግን አልሆነልኝም። በቮልት መለኪያ ስለካቸው ሙሉ ናቸው። የደከመ ድንጋይ ሥራ እስኪጫንበት ድረስ ሙሉ መስሎ እንደሚለካ ለተማሪዎች በየዓመቱ የማሳየው እኔው ነኝ። ያን ቀን ግን የእሳቸው ደስታ አስረሳኝ፣ ወይም ልርሳው ብዬ ረሳሁት።

አራት ቀን ያለ እንከን ሠራች። አባ ራያም ለጎረቤት ሁሉ አወሩላት።

በአምስተኛው ቀን ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁና መብራቴን በዓይኔ ለማየት ባጃጅ ይዤ መጣሁ። ሰማዩ ደምኖ ያለ ሰዓቱ ጨለምለም ብሏል። ነፋሱ የግቢውን የቆርቆሮ በር ስላንገላታው ይመስለኛል፣ ከውስጥ ተቀርቅሯል። በቀዳዳው አጮለቅሁ።

ለመግሪብ ገና ሃያ ደቂቃ ይቀራል፤ ቀይ መሆን ነበረበት። መብራቱ ግን አረንጓዴ ነበር። ይበራል፣ ይደክማል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይበራል።

ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ቀዩ ሲበራ ድንጋዮቹ አልቻሉትም፤ ሰሌዳዋ ጠፍታ እንደገና ተነሳች። በተነሳች ቁጥር ደግሞ ራሷን ለመፈተሽ አረንጓዴ እንድታበራ አድርጌ የሠራኋት እኔ ነኝ።

አባ ራያ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ተምርና ውሃ አለ። «አባ! አባ ራያ!» ብዬ ጮህኩ። ለማን ነው የምጮኸው? በሩን በሁለት እጄ ደበደብኩት። ጫማዬን አውልቄ በአጥሩ ላይ ወረወርኩ፤ ከኋላቸው ወደቀ። መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፣ ተምሩን ጎረሱ፣ ውሃውን ጠጡ። ሰው በአሥር እርምጃ ርቀት እንዲህ ሩቅ እንደሚሆን አላውቅም ነበር።

ድብደባዬን ሰምታ ጎረቤታችን ሞሚና መጣች። ነገርኳት።

«ተይ፣ አትንገሪያቸው» አለችኝ። «ካላወቁ ምን አለበት? ለምን ታሳዝኛቸዋለሽ?»

ልቤ ወደ እሷ ምክር አዘነበለ። እውነቱን ለመናገር በጣም አዘነበለ።

ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ አባ ራያ ሲነሱ ጫማዬን አዩ፤ ይዘውት መጥተው በሩን ከፈቱ። ፊታቸው በራ።

«መብራትሽ ደረሰልኝ! ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ! አላህ እጅሽን ይባርከው፣ አላህ ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ...»

እየመረቁኝ ሳለ አዛኑ ተነሳ። ከመስጊዱ በላያችን እየጮኸ እሳቸው ምርቃታቸውን ቀጠሉ። ሞሚና አንገቷን ደፋች።

ለአዛን ምልክታችን እጅን ጆሮ ላይ ማድረግ ነበር። እጄን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ወደ መስጊዱ ጠቆምኩ።

«አሁን?» አሉኝ።

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። እጃቸው ውስጥ የቀረችውን የተምር ፍሬ አዩዋት። ማልቀስ ጀመርኩ። እሳቸው ግን ጫማዬን እግሬ ሥር አስቀምጠው፣ «አውቀሽ አይደለም። አላህ ያውቃል። አንድ ቀን ቀዷ አወጣለሁ» አሉ።

ከዒድ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ምሳ ሲበላ፣ ብቻቸውን ያንን ቀን ተክተው ጾሙ። ፈቃድ ወስጄ ከቀትር ጀምሮ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አዲስ ድንጋይ አስገብቼ ስለነበር መብራቱ በሰዓቱ አረንጓዴ ሆነ። አባ ራያ ውሃውን አላነሱም። ዞረው ፊቴን አዩ።

ዘንድሮ ባለቤታቸው ተመልሰዋል። መብራቱን ግን አልነቀሉትም። እኔ ባለሁበት ሲበራ ዛሬም ቀድመው ወደ እኔ ይዞራሉ። ቂም እንዳልያዙብኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ባዩኝ ቁጥር አፍራለሁ። አዛኑን በገዛ ጆሮዬ ሳልሰማ ራሴን አልነቀንቅም።