ስድስተኛው ቀን በፍል ውሃው ዳር

ኅዳር ዐሥራ ሁለት ቀን ሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ከማለዳው አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። ይህን የምጽፈው በጃፓን አገር፣ በተራራ ሥር ባለች አንዲት አሮጌ የእንግዳ ማረፊያ፣ በሰሌን በተሸፈነ ወለል ላይ ተቀምጬ ነው። ሰዓቱን በጥንቃቄ ማስፈሬ ያለ ምክንያት አይደለም፤ አሰላ ላይ የሞላሁት የእጅ ሰዓቴ የአሰላን ሌሊት ይዞ ሰባት ከሃያ ይላል፣ የማረፊያው የግድግዳ ሰዓትም በፈረንጆች አቆጣጠር ሰባት ከሃያ ይላል። ጃፓን ከእኛ በስድስት ሰዓት ይቀድማል፤ የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከሌላው ዓለም በስድስት ይለያል፤ ሁለቱ ልዩነቶች ስለሚጣፉ የአሰላ ሰው ሰዓቱን ሳይነካ እዚህ መኖር ይችላል። ይህን በዝርዝር ባስረዳኋት ጊዜ፣ እዚህ አገር በሐኪምነት የምትሠራው ልጄ ሀናን ሳቀችብኝ።

«አባዬ፣ ሰው ጃፓን መጥቶ ተራራ ያያል፤ እርስዎ ሰዓት ይመረምራሉ!»

ወደዚህ ያመጣችኝ ለጉልበቴ ብላ ነው። እያንዳንዱ እንግዳ ለብቻው የሚገባበት፣ ከተራራው ሆድ በሚመጣ ፍል ውሃ የሚሞላ የድንጋይ ገንዳ አለ። በበሩ ላይ አንዲት የእንጨት ሰሌዳ ተንጠልጥላለች፤ የገባ ሰው ይገለብጣታል፣ የተገለበጠች ሰሌዳ ያየ ሰው ደግሞ ድምፅ ሳያሰማ ይመለሳል። ከመግባት በፊት በአነስተኛ በርጩማ ተቀምጦ ገላን አጥርቶ መታጠብ ግዴታ ነው፤ ይህን ሥርዓት ያወጣውን ሰው ባገኘው እጁን እጨብጠው ነበር። ሀናን ድንጋዩ ያዳልጣል ብላ ክንዴን ልትይዝ ብትዘጋጅም በራሴ እንደምገባ ነገርኳት፤ ሁለት እጄን በጠርዙ ላይ ተክዬ፣ አንዱን እግር ካስገባሁ በኋላ ሌላውን ለማስከተል ረጅም ጊዜ ቢወስድብኝም፣ ገባሁ።

የድኝ ሽታ ያገኘኝ ያን ጊዜ ነው። አርባ ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማርኩ ሰው እንደመሆኔ የጋዙን ስም ከነቀመሩ አውቀዋለሁ፤ አፍንጫዬ ግን ቀመሩን ሳይጠብቅ ስልሳ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይዞኝ ሄደ፣ ከኦጎልቾ ወዲያ ወዳለው ቆላ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ወደ ሰነበትኩበት ፍል ውሃ።

እናቴ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሞቶ ከተወለደ ልጅ በኋላ ትኩሳት ይዟት፣ ትኩሳቱ ሲለቃት እግሮቿ አልታዘዝ ብለዋት ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ከአልጋ ወደ መደብ፣ ከመደብ ወደ አልጋ የምትሄደው ታቅፋ ነው። አባቴ በአሰላ ገበያ እህል የሚነግድ፣ ከሚዛኑ በቀር ለማንም የማይናገር ዝምተኛ ሰው ነበር፤ የእሱንም ድርሻ ጨምራ የምትናገረው ታላቅ እኅቱ አክስቴ መርየማ ናት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እናቴ በተኛችበት፣ በጨርቅ መጋረጃ ብቻ በተከፈለ ቤት ውስጥ፣ ድምፅዋን ዝቅ ሳታደርግ እንዲህ ስትለው ሰማሁ።

«ወንድሜ፣ አላህ ያልከለከለህን አንተ ለምን ትከለክላለህ? ሌላ አግባ። ይቺ እኮ የቤት ዕቃ ሆናለች።»

ከመጋረጃው ወዲያ የእናቴ ድምፅ መጣ። «ዕቃም ብሆን የዚህ ቤት ዕቃ ነኝ፤ ቦታዬን አለቅም!»

በማግስቱ አባቴን ወደ ፍል ውሃው እንዲያደርሳት ጠየቀችው። ጥር ነበር፤ በኢተያና በሳጉሬ በኩል ያለው ስንዴ ተወቅቶ፣ ሜዳው ሁሉ የገለባ ቀለም ይዞ ነበር። በተከራየናት በቅሎ ላይ ደግፈን አስቀመጥናት፤ ኦጎልቾ አድረን፣ በሁለተኛው ቀን ቁልቁለቱን ስንወርድ ነፋሱ እየሞቀ፣ ልብሳችንን አንድ በአንድ እያወለቅን፣ ሽታው ከውሃው ቀድሞ ተቀበለን። አባቴ በሣር ጎጆ ውስጥ አስገብቶን፣ በስምንተኛው ቀን እመለሳለሁ ብሎ ወደ ገበያው ሄደ።

የውሃው ጠባቂ አደ ፋጤ ነበረች፤ «አደ» በኦሮምኛ ለተከበረች ሴት የምንለው ነው። አደ ፋጤ ሹመት የላትም፣ የሚታዘዛት ሰው ግን ብዙ ነበር። ሕጓ ጥቂት ነው። ሳሙና አይገባም። በሽተኛ ከጤነኛ ይቀድማል። የገባ ሰው ልብሱን በውሃው አፋፍ ባለችው ግራር ላይ ይሰቅላል፤ ልብስ ተሰቅሎ እያለ ንጉሥም ቢሆን ወደዚያ አይቀርብም። ከሁሉ የጠበቀው ግን ይህ ነበር፦

«ሰባት ንጋት ነው። አንዱን ከዘለልሽ ውሃው ይረሳሻል፤ እንደገና ከአንድ ትጀምሪያለሽ።»

ሕጉን ከእኔ በላይ የወደደ ሰው አልነበረም። እናቴ «ቃዲዬ» እያለች የምታሾፍብኝ፣ የጎረቤት ልጆች በጨዋታ ሲያጭበረብሩ እንደ ሸሪዓ ዳኛ ልፍረድ ስለምል ነው። በየንጋቱ አደ ፋጤ እናቴን አዝላ ታወርዳታለች፤ እኔ ነጠላዋን ሰቅዬ፣ ፊቴን ወደ ሜዳው አዙሬ፣ ከግራሩ ሥር እቀመጣለሁ። ወንድ ልጅ ነኝና እስክትጠራኝ መዞር የለብኝም። አምስት ንጋት እንዲህ አለፈ፤ በአምስተኛው እናቴ የእግሯ ጣቶች ሲቆጠቆጧት እንደተሰማት ነገረችን፣ አደ ፋጤም ምራቋን እንትፍ ብላ መረቀቻት።

በስድስተኛው ንጋት አደ ፋጤ አልነበረችም። ከጉብታው ወዲያ ሰው ሞቶ ሌሊቱን ለቅሶ ሄዳለች። እናቴ በጎጆው በር ተቀምጣ ሰማዩ እስኪቀላ ጠበቀች፤ ከዚያ በኋላ ግን አልጠበቀችም።

«ትከሻህን አምጣ፣ ቃዲዬ።»

«አደ ፋጤ ሳትመጣ?»

«ሰባት ነው የተባለው። አደ ፋጤ ብትኖር ባትኖር ሰባቱ ስድስት አይሆንም።»

ከጎጆው እስከ ውሃው በእኔ እርምጃ ሁለት መቶ ዐሥር ነው፤ በዚያ ጠዋት ግን ፀሐይ ወጥታ ጀርባችንን እስክታሞቅ ድረስ ጨረስነው አላልንም። ግማሹን በትከሻዬና በዱላ፣ ግማሹን መሬት ላይ ተቀምጣ በመንፏቀቅ ሄደች። ከውሃው ጠርዝ አደረስኳት፤ ነጠላዋን ሰቀልኩ፤ ዞሬ ተቀመጥኩ። «እስክጠራህ እንዳትዞር» አለችኝ፣ እንደ ሁልጊዜው።

ጥቂት ቆይቶ አንድ ነገር ሲንሸራተት፣ ውሃም በኃይል ሲመታ ሰማሁ። ቀጥሎ አንድ ድምፅ መጣ። ያ ፍል ውሃ ከድንጋዩ ሥር ሲፈላ አንዳንድ ጊዜ እንደ ሰው ያቃስታል፤ ያን ጊዜ የሰማሁት እሱ ይሁን የእናቴ ድምፅ፣ ለመለየት ትንፋሼን ያዝኩ። ድምፁ ዳግመኛ መጣ፣ ከፊተኛው ደከም ብሎ። ነጠላው ተሰቅሏል፤ ስሜ አልተጠራም፤ ሕጉ ግልጽ ነው። ጣቶቼን አፈሩ ውስጥ ቀብሬ መቁጠር ጀመርኩ፣ መቶ ስደርስ እዞራለሁ ብዬ፤ መቶ ስደርስ እስከ ሁለት መቶ አራዘምኩት። አልዞርኩም።

ሦስት መቶን ሳልፍ እርጥብ እጅ ትከሻዬን ያዘኝ። እናቴ ከኋላዬ ቆማ ነበር። ቆማ! ዱላው በእጇ የለም፤ ጉልበቷ ተልጦ ይደማል፤ በጥፍሮቿ ሥር የድንጋዩ ነጭ ዝቃጭ ሞልቷል፤ እግሮቿ እንደ አዲስ ግልገል ይንቀጠቀጣሉ።

«ማን አነሣሽ?» አልኳት።

«ማን ያነሣኛል? ሰው አልነበረም» አለች። «ነጠላዬን አውርድልኝ።»

በሰባተኛው ንጋት በሁለት ዱላ ወርዳ ታጠበች። በስምንተኛው ቀን አባቴ መጣ፤ ቆማ ስትጠብቀው አይቶ የበቅሎዋን ልጓም ደጋግሞ ሲፈታና ሲያስር ቆየ። አሰላ ስንደርስ አክስቴ መርየማ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ደጃፍ ተቀምጣ ነበር።

«ማሻ አላህ» አለች፣ «በቅሎዋ መልካም አድርጋ አምጥታሻለች።»

እናቴ ኮርቻውን ይዛ ወረደች። «በቅሎዋን አመስግኝልኝ፤ ከበሩ ወዲህ ያለውን ግን እኔው እሄደዋለሁ» አለችና፣ በሴቶቹ መካከል፣ እያንዳንዱን እርምጃ እንደ ችካል እየተከለች፣ ወደ ቤቷ ገባች። ሌላ ሴት የማግባቱ ወሬ በዚያ ደጃፍ አበቃ።

ጡረታ በወጣሁ ጊዜ ወደ ስፍራው ወርጄ ነበር። ግራሩ ተቆርጧል፤ ውሃው በቧንቧ ተስቦ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል፤ ገንዳው ደርቆ ነጭ ቅርፊት ብቻ ቀርቷል። አደ ፋጤን የሚያውቅ ሰው ጠይቄ አላገኘሁም። ለሺህ ተማሪዎች ሕግ ማክበርን አስተምሬያለሁ፤ የተሳሳትኩ አይመስለኝም። ሆኖም ክፍል ውስጥ ጀርባዬን ሰጥቼ በሰሌዳ ላይ ስጽፍ ከኋላዬ ትንሽ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር፣ ዐረፍተ ነገሩን ሳልጨርስ እዞር ነበር።

እናቴ ከዚያ በኋላ ሠላሳ አንድ ዓመት በእግሯ ሄዳለች። በስድስተኛው ንጋት ጠርታኝ እንደነበረ ወይም እንዳልነበረ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። የሰማሁት ድምፅ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።