በሰው ፍም ላይ አፍ አይከፈትም

ከወደቡ ሁለት የስኑክ ዓሣ ገዝቼ ከዶሪንግባይ የዓሣ አጥማጆች መንደር ስወጣ የመኪናዬ ራዲያተር ዳገቱ ላይ እንፋሎቱን ተፋ። የቆምኩበት ቤት በር ላይ አንድ ሽማግሌ ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል እየጎተቱ ወደ መንገዱ ያወጣሉ። በርሜሉ አራት እግር አለው፤ እግሮቹ የውሃ ቱቦ ናቸው። ቀድመው ያወጡት አሮጌ ፍሪጅ በሩ ተገንጥሎ በጀርባው ተጋድሟል፣ ውስጡ ከጭስ ብዛት እንደ ከሰል ጠቁሯል። ከጎኑ ደግሞ ላስቲኩ እንኳ ገና ያልተላጠ፣ የሚያብረቀርቅ የጋዝ መጥበሻ አለ።

«ኦም፣ ውሃ ይኖርዎት ይሆን?» አልኳቸው። በእኛ በኩል ሽማግሌ ሁሉ ኦም ነው፣ አሮጊት ሁሉ ታንት፤ ዘመድ መሆን አያሻም።

«ለአንተ ነው ለመኪናዋ?»

«ለመኪናዋ።»

«እሷ ትጠጣ፣ አንተ ከፀሐይ ግባ። ፍሎርስ አፖሊስ እባላለሁ።» እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ግን እኔ ካለሁበት ትንሽ ወደ ጎን ነበር የዘረጉት። ፈልጌ ጨበጥኳቸው። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ላይ የዓይን ሞራ እንደ ስስ ወተት ተጋርዷል።

«እንግዳው ሰውዬ!» አለ አንድ ድምፅ ከቤቱ ደረጃ ላይ። «በፈጠረህ፣ አንተ እንኳ ንገረው! ከሰዓት ቁራሌው ይመጣል፤ ይሄ ሰውዬ የቤቱን እሳት በሙሉ ለቁራሌ ሊሰጥ ነው!»

ባለቤታቸው ታንት ሚታ ናቸው። ሳፋውን በጉልበታቸው መሐል ይዘው ስኳር ድንች ይልጣሉ።

«አትስማት» አሉኝ ኦም ፍሎርስ። «ብረት ነው። ብረት ሲያረጅ ለቁራሌ ነው።»

«ያኛውም አርጅቷል?» አልኩ የጋዙን እያየሁ።

«እሱ ሳይወለድ የሞተ ነው።»

መኪናዋ እስክትበርድ ምን ሥራ አለኝ፤ በርሜሉን ዞር ብዬ አየሁት። የእግሮቹ ብየዳ እንደ ጥልፍ የተስተካከለ ነው። ማን እንደሠራው ስጠይቅ ታንት ሚታ ሳቁ፤ «በል፣ አሁን መሽቶ ትሄዳለህ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። ኦም ፍሎርስ ዓሣ ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ በያጅ ነበሩ። የፋብሪካውን ቱቦ ሲበይዱ ይውሉና ማታ ደግሞ ጓሯቸው ውስጥ የራሳቸውን ይበይዳሉ። የመጀመሪያው ምድጃቸው ግን ብየዳ አልነበረውም። እንደተጋቡ ሦስት ድንጋይ ጎልተው በላዩ የአልጋ ሽቦ ዘረጉበት።

«አልጋዬን ነው ዓሣ የጠበሰበት!» አሉ ታንት ሚታ። «እናቴ የሰጠችኝን አልጋ!»

«አልጋው እኮ ተሰብሮ ነበር።»

«ማን ሰበረው?»

ኦም ፍሎርስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሁለታችንም ነበርን» አሉ፤ ሚስታቸው የድንቹን ልጣጭ ወረወሩባቸው።

ከዚያ በርሜሉ መጣ። የዓሣ ዘይት የተቀመጠበት ነበርና ሽታው እስኪለቅ ጠዋት ማታ ባዶውን አነደዱት። ሰፈሩ «ፍሎርስ አብዶ አየር ይጠብሳል» ይል ነበር አሉ። በኋላ ግን ያው ሰፈር ነው በርሜሉን የከበበው። ክርስትናው እዚያ፣ የቀብር ምሳው እዚያ። ፋብሪካው የተዘጋ ቀን ሠራተኛው ሁሉ ማንም ሳይጠራው ወደዚህ ጓሮ መጣ፤ እጁን ወደ ፍሙ ዘርግቶ ቆመ። ስኑኩ ሲደርስ በላ፣ ሄደ። ፍሪጁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሞተሩ ሲሞት ኦም ፍሎርስ ጎኑን በስተውት ጭስ ማውጫ በየዱለትና ዓሣ ማጠኛ አደረጉት፤ ጡረታ ከወጡም ወዲህ፣ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ደጃቸው ጭስ አጥቶ አያውቅም ነበር። የጋዙን ያመጣው የልጃቸው የሎርና ባል ራልፍ ነው። ለልደታቸው ነበር። ጥሩ ልጅ ነው፤ ግን ከተማ ነው ያደገው።

«ታዲያ ለምን ይጥሏቸዋል?»

ኦም ፍሎርስ በርሜሉን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

«የወፎቹን ንገረው» አሉ ታንት ሚታ፣ አሁን ቀስ ብለው።

«አንቺ ንገሪው። አንቺ ነሽ የምታውቂው።»

እሳቸው ጀመሩት፣ ባላቸው ጨረሱት። ከፋሲካ በፊት የሎርና ልጅ ቤተ ክርስቲያን ቆማ የእምነት ቃሏን የሰጠች እሑድ፣ ጓሮው በሰው ሞልቶ ነበር። ቄሱ አሉ፣ የራልፍ ወላጆች አሉ፣ የታንት ሚታ ወንድም አፒ ከነቤተሰቡ አለ። ኦም ፍሎርስ በወይን ግንድ ፍም ላይ ስኑክ ዘረጉ፤ ቅቤ፣ ነጭ ሽንኩርትና የአፕሪኮት ማርማላታ ቀቡት። ስኑክ ሲበስል ሥጋው ከመስታወትነት ወደ ወተትነት ይለወጣል። ሰዓት አያስፈልግም፤ ወተት ሲመስል ታነሳዋለህ።

«ዓይኔ ላይ ወተት ፈሷል ለካ» አሉ ኦም ፍሎርስ። «ገና ከመዘርጋቴ ወተት መሰለኝ። ፍሙም ነጭ፣ ዓሣውም ነጭ፣ የቄሱም ኮሌታ ነጭ። አነሳሁታ!»

በእኛ ጠረፍ የታወቀ ነው፤ ባለ እሳቱ ጉጠቱን ሲይዝ ሌላው ቢራውን ይይዛል። የሌላውን ሰው ጉጠት መንካት ሚስቱን ከመንካት አይተናነስም። በሰው ፍም ላይ አፍ አይከፈትም። ሲያርር እንኳ «እንዴት ያለ ቀለም አወጣ!» ነው የሚባለው። ያን ዕለትም ማንም እውነቱን አልተናገረም። ቄሱ «እጅዎ ይባረክ» አሉ። ራልፍ «እንዲህ ያለ በልቼ አላውቅም» አለ፤ እሱስ አልዋሸም። አፒ ደግሞ ሆዱን እያሻሸ «ሁለቴ ደገምኩ!» አለ።

«ሰኞ ጠዋት ጩኸት ቀሰቀሰኝ» አሉ ኦም ፍሎርስ። «የባሕር ወፍ ጩኸት። ጀልባ ገባ ብዬ ወጣሁ። ጓሮዬ ነው! አጥሩ ሥር፣ ቁጥቋጦው ሥር፣ ከበርሜሉ ኋላ፣ ወፉ ሁሉ ይሻማል። በእጄ ዳሰስኩ። ዓሣ ነው። ጥሬ ዓሣ፣ በወረቀት እየተጠቀለለ የተወሸቀ። እንግዳ ሁሉ ደብቆልኝ ነው የሄደው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ እሳት አልለኮሱም።

«ሐኪሙ ወረፋ አስይዞታል እኮ» አሉኝ ታንት ሚታ። «ሞራው ይነሳል፣ ያያል ብሏል። ያኔ በምን ሊጠብስ ነው፣ በመዳፉ?»

«ጉዳዩ ዓይኔ አይደለም!» ኦም ፍሎርስ ድንገት ድምፃቸው ከፍ አለ። «ጥሬውን እንዲያ ካመሰገኑ፣ የድሮውንስ? ዕድሜዬን ሙሉ «ግሩም ነው ፍሎርስ፣ ግሩም ነው» ሲሉኝ ኖረዋል። የቱ ነው እውነቱ? አንቺም ብለሽኛል! ያን እሑድ አጠገቤ ተቀምጠሽ «ጣፈጠ» ብለሽኛል። ወፎቹ ናቸው እውነቱን የነገሩኝ።»

ለካ ብረቱን የሚያስጥላቸው ይሄ ነው። እኔ ወደ መኪናዬ አየሁ።

ታንት ሚታ ቢላውን ሳፋው ውስጥ ጣሉት። «እውነት ነው ያማረህ? ቁጭ በል።»

«ቆሜ እሰማለሁ።»

«ቁጭ በል አልኩህ ፍሎርስ።»

ፍሪጁ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ይሄ የተቀመጥክበት፣ የመጀመሪያውን ዓሣ ስታጥንበት የውስጡን ላስቲክ ሳታነሳ ነው ያነደድከው። ዓሣው የባልዲ ጣዕም ነበረው። እኔ ዋጥኩት፣ ሎርና አሸዋ ውስጥ ቀበረችው።»

«ግሩም ነው ብለሽ ነበር!»

«ብዬ ነበር። ሁለተኛው፣ የአፒን አሮጌ ጀልባ አፍርሰህ በሳንቃው የበግ ጎድን የጠበስክ ዕለት። ነበልባሉ አረንጓዴ ሆነ፣ ልጆቹ አጨበጨቡ፣ አንተ ደግሞ «ባሕሩ ራሱ ነው የሚነደው» ብለህ ተኩራራህ። ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ ሲያስታውክ አደረ።»

«ሥጋው ተበላሽቶ ነው! አንቺው ነሽ ሥጋው ነው ያልሽኝ!»

«ቀለሙ ነው። ከጀልባ ሆድ ሥር የሚቀባው መርዝ። ባሕር አይቶ የማያውቅ ሰው ቢሆን ማገዶ ገዝቶ ይጠብስ ነበር፤ እንዲህ የሚሳሳተው የዓሣ አጥማጅ ዘር ብቻ ነው። ሦስተኛው፣ የሎርና ሠርግ ዶሮ። ላዩ ከሰል፣ ውስጡ ደም።»

«ያኔ ዓይኔ ደህና ነበር!»

«ዓይንህ ደህና ነበር፤ ብራንዲው ነው ደህና ያልነበረው።»

ኦም ፍሎርስ አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን «ሌላስ?» አሉ።

ታንት ሚታ አሰቡ። ከልባቸው ነበር የሚያስቡት፤ ሰማዩን እያዩ፣ ከንፈራቸውን እየነከሱ።

«ሌላ የለም።»

«ፋብሪካው የተዘጋ ቀንስ?»

«እሱን ስበላ አልቅሻለሁ። ባይጣፍጥ ኖሮ አላለቅስም ነበር።»

«የእናትሽ ቀብርስ?»

«እናቴ ብትነሳ ትደግም ነበር፤ አንተን እንደሆነ አትወድህም።»

«የአዲስ ዓመቱ በግስ? ዝናብ የመታን ዕለት?»

«ጥሩ ነበር። ትንሽ ደርቋል።»

«ደርቋል?»

«ትንሽ።»

እንዲህ እያሉ ቀጠሉ። መረቡን እየዳሰሰ ቀዳዳ እንደሚፈልግ ሰው፣ ግብዣውን ሁሉ አንድ በአንድ እያነሱ ይጠይቃሉ፤ ታንት ሚታም ጥሩውን ጥሩ፣ መጥፎውን መጥፎ ይላሉ። ኦም ፍሎርስ አንዳንዱን ሲሰሙ ይሳደባሉ፣ አንዳንዱን ሲሰሙ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። በመሐሉ አፍንጫቸውን ወደ መኪናዬ አዞሩ።

«ልጄ፣ ዓሣ ጭነሃል?»

«ሁለት ስኑክ።»

«በዚህ ፀሐይ? አምጣው! በርሜሉንም መልሰው።»

ተሰንጥቆ የተገዛ ነበርና በደረቅ ጨው አሹት፣ ንፋሱ ላይ ሰቀሉት፣ ቆይተው አጠቡት። የወይን ግንዱ ፍም እስኪሆን ታንት ሚታ ወንበራቸውን ከደረጃው አንስተው ከበርሜሉ ዳር አስቀመጡ። ኦም ፍሎርስ የወንበሩን ድምፅ ሲሰሙ ጉጠታቸውን እንደያዙ ቀጥ አሉ።

«ሚታ፣ የት ነው የተቀመጥሽው?»

«የሚታይበት ቦታ።»

ከአጥሩ በላይ ራሰ በራ ብቅ አለ፤ አፒ ነው። «ፍሎርስ! ተነሳህ እንዴ? ደግሞ ምንድን ነው የማየው፣ ረዳት ቀጠርክ?»

«አለቃ ነው የቀጠርኩት» አሉ ኦም ፍሎርስ።

«ሴት በወንድ ፍም ላይ? ምን ዘመን መጣ!»

«አንተ ዝም በል!» አሉት እህቱ። «አጥሩ ሥር ከተገኘው ሁሉ ትልቁ የአንተ ቁራጭ ነበር፤ ሁለቴ ደገምኩ ባይ!»

ራሰ በራው ተመልሶ ወረደ።

ዓሣው ተዘረጋ። ቅቤው ፍሙ ላይ ጠብ ሲል ጭሱ ተነሳ። ኦም ፍሎርስ ጉጠቱን ዘረጉ።

«ገና ነው» አሉ ታንት ሚታ።

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ይህን ቃል በዚህ ጓሮ፣ በእሳቸው እሳት ላይ፣ ማንም ተናግሮት አያውቅም። ጆሯቸው ሲቀላ አየሁ። እጃቸውን ግን መለሱ።

«አሁንስ?»

«ገና። ጭራው በኩል መስታወት ነው።»

ቁራሌው ያን ጊዜ ደረሰ፤ በሩ ላይ ጥሩምባውን ነፋ፣ ነፋ። ኦም ፍሎርስ ሳይዞሩ ጉጠቱን አወዛወዙበት። «ሂድ! ሥራ ላይ ነኝ!»

«አሁን አንሳው» አሉ ታንት ሚታ። «ቶሎ!»

በዳቦና በስኳር ድንች በላን፣ በእጃችን፣ ቆመን። ኦም ፍሎርስ ግን ዓሣውን ወደ አፋቸው ሳያደርሱ የእኔን መንጋጋ ያዳምጡ ነበር። አንዷን ስኑክ ጨርሰን ሁለተኛዋን ታንት ሚታ ለቤተሰቤ ጠቀለሉልኝ። ራዲያተሩን ሞልቼ ሞተሩን ሳስነሳ ኦም ፍሎርስ በሩ ድረስ መጥተው መስኮቴን ያዙ።

«ኦም፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ግሩም ነበር» አልኳቸው።

«ግሩሙን ተወው። ጨውስ?»

ወደ ታንት ሚታ አየሁ፤ እሳቸው ወደ ድንቹ ሳፋ አጎነበሱ።

«ትንሽ በዝቷል» አልኩ።

መስኮቱን ለቀው ወደ ቤቱ ዞሩ፤ ፊታቸው በርቶ ነበር። «ሚታ! ሰማሽ? ጨው በዝቷል አለ! እዚሁ በሬ ላይ፣ ሆዱን በዓሣዬ ሞልቶ፣ ጨው በዝቷል አለኝ! በል ልጄ፣ በሚመጣው ቅዳሜ ሚስትህን ይዘህ ና፣ እሷም ምላስ ካላት!»