ካልሲዬ ውስጥ ያልነበረው ነገር

ፖሊሶች የያዙን ጠዋት ነው። አገር ቤት የታሰሩ ጋዜጠኞች ይፈቱ ብለን፣ ከመንግሥታችን የመጣ ባለሥልጣን ያረፈበት የጆሃንስበርግ ሆቴል ፊት ለፊት ቆመን ነበር። ፈቃድ የላችሁም አሉን። ጀፕ በሚባለው የሐበሾች ሰፈር ያለውን ሱቄን የዘጋሁት ለሁለት ሰዓት ብዬ ነበር፤ አራት ቀን ታስሬ ቆየሁ።

የእስር ክፍሉ ሽንትና በረኪና ይሸታል። ሐምሌ እዚህ ዋናው የብርድ ወር ነው፤ ሲሚንቶው አጥንት ይበላል። ፖሊሱ ሲጎትተኝ ቁርጭምጭሚቴ ወለም ብሎኝ ስለነበር፣ ግድግዳውን ተደግፌ ካልሲዬን ጨበጥ አደረግሁ። አንድ ደንዳና እስረኛ አየኝ።

“እዚያ ምን ይዘሃል?” አለኝ በእንግሊዝኛ።

ፈርቼው ነበር። “መጥተህ እየው” አልኩት።

አልመጣም።

ከዚያ በኋላ ምላጭ ይዟል ተባለ። አለኝም፣ የለኝም አላልኩ። ሳል የማይለቀው አንድ የማላዊ ልብስ ሰፊ ብርድ ልብሱን አጣጥፎ እግሬ ሥር አኖረው።

“ቦስ፣ አንተ ልበሰው” አለ። ፊቴን አላየም።

ለበስኩት። ሲያስል እየሰማሁ ለበስኩት።

በማግስቱ ደንዳናው ሰውዬ የማንኪያ እጀታ ወለሉ ላይ ይሞርድ ጀመር።

አጠገቤ አንድ የሞዛምቢክ ሽማግሌ ነበሩ። እሳቸውም የተያዙት የአገራቸውን ምርጫ ተቃውመው ሰልፍ ወጥተው ነው። በወጣትነታቸው የጦር መኮንን ነበሩ። ማንኪያውን እያዩ ቆዩና ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

“በነጮቹ ዘመን እዚህ አገር የኑክሌር ቦምብ ይሠራ ነበር፤ ታውቃለህ?”

“ሰምቻለሁ ባባ። በኋላ ራሳቸው ፈታቱት።”

“ከዚያ በፊት የነበረውን እኔ ልንገርህ። አለን አይሉም፣ የለንም አይሉም። ጦራቸውንስ እናየዋለን፤ ይኼኛው ግን አይታይም። እኛ ጎረቤቶቻቸው ካርታ በዘረጋን ቁጥር እሱን እናስባለን። ኋላ መንግሥታችን ከነሱ ጋር ውል ተዋዋለ። ከነሱ ሸሽተው እኛ ዘንድ የተጠለሉትን ‘ውጡልን’ አልናቸው። በመኪና ከሸኟቸው አንዱ እኔ ነኝ። ከተባረሩት አንዲት ሴት ‘አንተም?’ አለችኝ።”

ወደ ካልሲዬ አዩ። “አንተ እውነት ምላጭ አለህ?” አሉኝ።

“የለኝም።”

“እሱስ ያውቃል?” በአገጫቸው ወደ ልብስ ሰፊው አመለከቱ።

ወዲያው ተነሣሁ ብል ደስ ይለኝ ነበር። አልተነሣሁም፤ ማንኪያውን ፈርቼ ነበር። ዳቦና ሻይ እስኪመጣ ድረስ ተቀመጥኩ። ከዚያ መሐል ላይ ቆሜ ጫማዬንና ካልሲዬን አወለቅሁ፤ ኪሶቼን ገለበጥኩ።

“ምንም የለኝም” አልኩ። “መጀመሪያም አልነበረኝም።”

ደንዳናው ሳቀ፤ ዳቦዬን አንሥቶ በላ። ብርድ ልብሱን በሁለት እጄ ይዤ ለልብስ ሰፊው መለስኩለት። “ይቅርታ” አልኩት። ተቀበለኝ። እስክንለያይ ድረስ አላናገረኝም። ማንኪያው ግን ከዚያ በኋላ ሲሞረድ አልሰማሁም።

አሁን ጀፕ ውስጥ ምሳ ላይ ወሬው ሁሉ ጦርነት ነው። “እኛም አንድ ኑክሌር ቢኖረን የትኛው ጎረቤት ይደፍረን ነበር?” ይላሉ ወዳጆቼ። ስለ ሰልፉ ሲጠይቁኝ ኮራ ብዬ እነግራቸዋለሁ። አንዱን ነገር ግን ለሚስቴም ነግሬያት አላውቅም፦ እዚያ ክፍል ውስጥ መፈራቴ ደስ ብሎኝ ነበር።