ደህና ነው እያልኩ የሮጥኩባቸው ጠዋቶች

ጥቅምት አጋማሽ፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ። የኮሌጅ ቱታ የለበሰች ልጅ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ እየሮጠች አለፈች። ማን እንደሞተ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ለዘገባ መጥቼ ያደርኩበት ሆቴል በር ላይ ቆሜ ነበር። ባጃጆቹ ጥግ ይዘው አሳለፏት። በርበሬ የጫነ አህያ የሚነዳ ገበሬ "በርቺ" አላት። ከዓይኔ እስክትሰወር ተመለከትኳት፤ የልቤ ምት የጨመረው ግን የእሷን ሩጫ ሳይ ሳይሆን የራሴን ሳስታውስ ነው።

በዚሁ ከተማ የኮሌጅ ተማሪ ነበርኩ፤ የመመረቂያ ዓመቴ ነው። የስፖርት መምህራችን መምህር ያየህ አምስት ኪሎ ሜትር በሠላሳ ደቂቃ እንድንሮጥ ፈተና ሰጡን። ያላለፈ ከጓደኞቹ ጋር አይመረቅም። እኔ በሦስተኛው ዙር ለቁርስ የበላሁትን ሽሮ ሜዳው ዳር አስመልሼ ተቀመጥኩ። ድጋሚ ፈተናው ከስድስት ሳምንት በኋላ ሆነ። አባቴ ደግሞ በትውልድ ወረዳችን በሰቀላ ለምርቃቴ ከወዲሁ ሙክት መቀለብ ጀምሯል።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ተነሣሁ። ያን ጊዜም ጥቅምት ነበር። ቱታ ስላልነበረኝ ነጭ ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ፤ ሰውነቴ ሲሞቅ አውልቄ ወገቤ ላይ አሰርኩት። ከከተማው ወጣ እንዳልኩ ኑጉ ግራና ቀኝ ቢጫ ሆኖ ተዘርግቷል፤ ጤዛው እግሬን ያረጥበዋል። ደስ አለኝና ፍጥነት ጨመርኩ።

ስሕተቴ እዚህ ላይ ነው። በዚያ አገር በማለዳ ነጭ ልብስ ወገቡ ላይ አስሮ የሚሮጥ ሰው መርዶ ነጋሪ ነው። የገበሬ ልጅ ነኝና ይህን አውቅ ነበር። ስለ ደቂቃዬ ሳስብ ረሳሁት።

መጀመሪያ የመንደሩ ውሾች ወጡ፤ ከዚያ ወንዶቹ ዱላቸውን ይዘው ተከተሉ። አያ ታረቀኝ የሚባሉ ሽማግሌ መንገዱን ዘጉብኝ። ባለቤታቸው እማማ ጥሩዬ ደግሞ፣ ወንድማቸው ቡሬ ታሞ ተኝቶ ስለነበር፣ እኔን ሲያዩ "ወንድሜን" ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ።

"ተናገር እንጂ። ማን ነው የሞተው?" አሉ አያ ታረቀኝ።

"ማንም አልሞተም፣ አባቴ። ሰውነቴን ለማጠንከር ነው የምሮጠው።"

ከኋላ አንድ ጎልማሳ "ሳያባርሩት የሚሮጥ አህያ እንኳ አላየሁም" ሲል ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እማማ ጥሩዬ ግን አልሳቁም። ጉልበታቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ሁለተኛ በዚህ እንደማላልፍም ተናገርኩ። አያ ታረቀኝ ምን እንዳስጨነቀኝ ጠየቁኝ። ስለ ፈተናውም ስለ ሙክቱም ነገርኳቸው።

"መሮጡን ሩጥ" አሉኝ። "ጋቢህን ግን ከወገብህ ፍታ። አጥራችን ጋ ሳትደርስም ከሩቁ 'ደህና ነው' በል።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ "ደህና ነው" እያልኩ ሮጥኩ። መጀመሪያ አፍሬ በቀስታ ነበር፤ በሳምንቱ ጉሮሮዬን ከፍቼ መጮህ ጀመርኩ። ከየአጥሩ "ደህና ያሰማን" ይሉኛል። እየሮጡ ለመጮህ ትንፋሽ ማትረፍ ያስፈልጋልና፣ መምህር ያየህ ሲነግሩን ያልገባኝን የአተነፋፈስ ትምህርት ያ መንደር አስተማረኝ። ሆዴን ሞልቼ መሮጥ ተውኩ። የተነሣሁበትንና የደረስኩበትን ሰዓት በደብተር እጽፍ ጀመር። እማማ ጥሩዬ በአጥሩ ላይ አንድ እፍኝ የሽንብራ ቆሎ ያቀብሉኛል፤ ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ለከሰዓት በኪሴ ይዤው እመለሳለሁ።

በአራተኛው ሳምንት አንድ ሰኞ ብርዱ ከበደኝና ተኛሁ። ቀትር ላይ ዘበኛው አስጠራኝ። አያ ታረቀኝ ዱላቸውን ተደግፈው የኮሌጁ በር ላይ ቆመዋል፤ ግንባራቸው በላብ ርሷል።

"ዛሬ ደህና ነው የሚል ጠፋ" አሉኝ። "ምን አግኝቶት ይሆን ብላ ጥሩዬ እህል አልቀመሰችም።"

ይቅርታ ጠይቄ ሸኘኋቸው። እስከ ፈተናው ድረስ አንድም ቀን አልቀረሁም።

በፈተናው ዕለት የመጨረሻውን ዙር ስሮጥ እግሬ መሬት የነካ አይመስለኝም ነበር። መምህር ያየህ አጠገብ ስደርስ ሳላስበው "ደህና ነው" ብዬ ጮህኩ። ሜዳው በሳቅ ሞላ። መምህሩ ሰዓታቸውን አይተው ሃያ ስምንት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ሲሉ አልቆምኩም፤ በኮሌጁ በር ወጥቼ እስከዚያ አጥር ሮጥኩ። ማለፌን ከአባቴ ቀድመው የሰሙት አያ ታረቀኝና እማማ ጥሩዬ ናቸው። የእማማ ጥሩዬ ወንድምም ድኖ ሊጠይቃቸው መጥቶ ነበርና፣ ቆሎውን የዘገነልኝ እሱ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ልጅቷ ከዓይኔ ስትጠፋ ክፍሌ ገብቼ ጫማዬን ቀየርኩ። አያ ታረቀኝም እማማ ጥሩዬም ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ያኔ የሣር ክዳን የነበረው ሁሉ ቆርቆሮ ሆኗል፤ ኑጉ ግን አብቧል። ቀስ ብዬ ሮጥኩ። አጥሩ የነበረበት ቦታ ስደርስ አንዲት ሴት የወተት ዕቃ እንደያዘች ወጣች፤ ሽበቴን አይታ ቀጥ ብላ ቆመች።

"ምነው አባቴ፣ በደህና ነው?"

"ደህና ነው" አልኳት።

"ደህና ያሰማን" አለች።

እንደ ድሮው የደረስኩበትን ሰዓት ተመለከትኩ፤ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ስምንት ነበር።