የኔሬይዳ ክርና የኤቬሊዮ ቪካሪያ

ሁለቱም አልፈዋል፤ ዛሬ ባወራው የሚጎዳ ሰው የለም። ኔሬይዳ የወንድሜ የኤቬሊዮ ሚስት ነበረች። በከተማችን በሬሜዲዮስ እሷ ባዮሎጂ ያላስተማረችው ጎረምሳ የለም። የደም ካንሰር ነው ሲሏት እንኳ ያለቀሰው እሱ እንጂ እሷ አይደለችም።

ሐኪሙ የሚሰጣት መድኃኒት የሚወጣው ከቪካሪያ ነው፤ እዚህ በየደጁ ከሚበቅለው አበባ። ቆየት ብሎ መድኃኒቱ ያወረደው የደሟ መጠን አልመለስ አለ። ሐኪሙም "ደምሽ ካላገገመ መድኃኒቱን አልሰጥሽም" እያለ ቀጠሮዋን ደጋግሞ አራዘመ።

አንድ ጠዋት ወንድሜ ገበያ ሲወጣ ጠራችኝ። "ባልሽ የሚያፈላልኝ ሻይ የናና ብቻ አይደለም" አለችና "ወንድምሽ ማለቴ ነው" ብላ አረመችው፤ ያን ያህል ደክማ ነበር። ከሻይ ማፍሊያው ታች የቀረውን ቅጠል አሳየችኝ። ቪካሪያ ነው።

ደሜ ፈላ። "ይምጣ ብቻ፣ ልክ አስገባዋለሁ!"

"ቁጭ በይ፣ አንቺ ቁጡ።" ከሹራብ ቅርጫቷ ቀይ ክር መዘዘች። "ህዋስ መጀመሪያ ያድጋል። ከዚያ ዲኤንኤውን ይገለብጣል።" አጠገቡ ሌላ አምሳያ ክር አስተኛች። "በደንብ መገልበጡን ያያል። በመጨረሻ አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ተጎትተው ለሁለት ይከፈላል። መድኃኒቱ መጎተቻውን ነው የሚያፈርሰው፤ ህዋሱ መሐል ላይ ቆሞ ይሞታል። ግን የታመመውን ከጤነኛው አይለይም። ሐኪሙ በየመሐሉ የሚያሳርፈኝ ጤነኛው ደም እንዲተካ ነው።"

"ይሄ ደንቆሮ ደግሞ በሻዩ ዕረፍቱን ይቀማሻል።"

"እሱ ሊያድነኝ ብሎ ነው። እንደጎዳኝ ካወቀ በሕይወት አይቆይም። እንዳትነግሪው፣ ማይልኝ።"

እያለቀስኩ ማልኩላት።

ማታ "ውዴ፣ ሐኪሙ ሻይ የሚባል ነገር ከልክሎኛል" አለችው። እሱም ቅር እያለው ተወ። ደሟ ትንሽ ተመለሰ፣ መድኃኒቱም ተጀመረ፤ በሽታው ግን ቀድሟት ሄዶ ነበር። ዝናቡ ሳይገባ ቀበርናት።

ኤቬሊዮ መቃብሯ ላይ ነጭ ቪካሪያ ተከለ። ውሃ እያጠጣ ሳለ ቀና ሳይል አናገረኝ።

"እህቴ፣ ያ ሻይ የናና ብቻ አልነበረም። ይሄንን ደብቄ አጠጣት ነበር። ሐኪሙን ሰምቼ ባላቋርጥ ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበረች።"

ለአፏ ለከት የላትም የምባል ሴት ነኝ። ያን ቀን ግን ባልዲውን ከእጁ ተቀብዬ ውሃ ልቀዳ ሄድኩ።