የስፒል ቀዳዳዎች

ዶርካስ ፔል በሐምሌ ከደረጃ ወድቃ ሁለት የጎን አጥንቷ ተሰበረ። ሐኪሙ እስከ ገና ድረስ ደረቷን የሚያጣብቅ ነገር እንዳታደርግ ሲነግራት መጀመሪያ ያሰበችው መስከረምን ነበር።

በየመስከረሙ የፍሩም ከተማ የጥንት ልብስ ማኅበር አባላት ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ይለበስ የነበረውን ለብሰው ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ድልድዩ በሰልፍ ይሄዳሉ። ዶርካስና እኅቷ ኡና ሃያ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ሄደዋል። ኡና በሚያዝያ ሞተች። ለዶርካስ ብላ የጀመረችው ቅጠልማ ቀሚስ ግማሹ ተሰፍቶ ወንበር ላይ ቀረ። ዶርካስ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያንን ቀሚስ ጨርሳ፣ ለብሳው መሄድ።

ችግሩ ኮርሴቱ፣ ደረትና ወገብን አጥብቆ የሚይዘው ጠንካራ የውስጥ ልብስ፣ ነበር። ከሥር ኮርሴት ያልታጠቀች ሴት አትሰለፍም። ደንቡን የሚያስከብሩት ወይዘሮ ብሪንድል በር ላይ ቆመው ጓንታቸውን ሆን ብለው ይጥላሉ። ኮርሴት ያላት ወገቧ አይታጠፍላትምና በጉልበቷ ወርዳ ታነሣዋለች። ጀርባዋን አጉብጣ ያነሣች ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

ዶርካስ መጀመሪያ ሰው ሁሉ የሚሳሳተውን ተሳሳተች። የዚያ ዘመን ቀሚስ ወገቡ ከጡት ሥር ስለሆነ ኮርሴት አያስፈልገውም ብላ ቀሚሱን እንዲሁ ሞከረችው። መስታወት ፊት ስትቆም ድንች የተሞላ ጆንያ መሰለች። ከዚያ ሌሎች ዘመናትን አሰበች። የጥንቷ ገበሬ ሴት ቀሚስ በገመድ ስለሚታሰር ያው ደረት ይጨቁናል። የዛሬ መቶ ዓመቱ ልቅ ቀሚስ ይመቻል፤ ነገር ግን ኡና "እሱ የአያታችን ልብስ ነው እንጂ ታሪክ አይደለም" ትል ነበር።

አንድ ጠዋት ሳህን እያጠበች ሌላ ጥያቄ መጣላት። ጥያቄዋን ይዛ የከተማው ሙዚየም ዕቃ ቤት ወደምትሠራው ወደ ታምሲን ሄደች።

"በዚያ ዘመን የጎን አጥንቷ የተሰበረ ሴት ምን ትለብስ ነበር?"

"ትተኛ ነበራ" አለች ታምሲን።

"ሁለት ወር ሙሉ? ላሞቹን ማን ያልብላታል?"

ታምሲን ሳቀች። እጇን ታጥባ አንድ ሣጥን ከፈተችና የደበዘዘ ቡናማ ቀሚስ አወጣች፤ የሠራተኛ ሴት ልብስ ነው። "ፊቱን ሁሉም አይቶታል" ብላ ገለበጠችው። ከውስጥ በግራና በቀኝ ሁለት የበፍታ ክንፎች ተሰፍተዋል። ክንፎቹ ጡት ላይ ተደራርበው በስፒል ይያያዛሉ፤ የቀሚሱ ፊት በላያቸው ይታሰራል።

"ያለ ኮርሴት ይይዛል?"

"እንደ ልክሽ ከተሰፋ ይይዛል። ይልቅ ስፒሉ የገባበትን እዪው።"

ዶርካስ መነጽሯን አደረገች። ቀዳዳዎቹ አንድ ረድፍ አልነበሩም። አራት ነበሩ፤ በመካከላቸው አንድ አንድ ጣት ያህል ርቀት አለ።

"ወፍራ ነው?"

"ወይ አርግዛ። ወይ እንዳንቺ ከደረጃ ወድቃ።"

"ማን ነበረች?"

"ሣጥኑ ላይ ስም የለም።"

ዶርካስ ሳትነካ፣ በዓይኗ ብቻ፣ ረድፎቹን ተከትላ ሄዳ ተመለሰች። በዚያው ሳምንት በፍታ ገዛች፤ የኡናንም ቀሚስ ከነክንፎቹ ሰፍታ ጨረሰች።

የሰልፉ ቀን ወይዘሮ ብሪንድል ጓንታቸውን ጣሉ።

"ወደቀብኝ፣ የኔ ልጅ።"

ዶርካስ ጎኗን ይዛ፣ ጀርባዋን አጉብጣ አነሣችላቸው።

"አጎነበስሽ።"

"አዎ፣ አጎነበስኩ።"

"ደንቡን ከእኔ እኩል ታውቂዋለሽ።"

"አውቃለሁ። ግን በዚያ ዘመን እርጉዟስ ምን ትታጠቅ ነበር?"

"መምህር ሳለሁ ተማሪዎቼም መልሱ ሲጠፋባቸው እንዲሁ ይጠይቁኝ ነበር። ነይ፣ አሳዪኝ።"

ከበሩ ጀርባ ዶርካስ የቀሚሱን ፊት ፈታች። ወይዘሮ ብሪንድል ክንፎቹን በጣታቸው ዳሰሱ። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ በራሳቸው ኮርሴት ምክንያት ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር።

"ይላላል?"

"እንደ ቀኑ ነው። ዛሬ ጠዋት አንድ ጣት አላልቼዋለሁ።"

አሮጊቷ እጃቸውን በገዛ ወገባቸው ላይ አሳረፉ።

"በፍታው ብዙ ይፈጃል?"

"ክንድ አይሞላም።"

"ሂጂ፣ ቦታሽን ያዢ። ሰኞ ደግሞ ቤት ነይ። መቀስሽን እንዳትረሺ።"

ዶርካስ እንደ ወትሮው በስተቀኝ ተሰለፈች። በስተግራዋ፣ በኡና ቦታ፣ ማንም አልገባም። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ጎኗ ጠቅ አደረጋት። ከሰልፉ ወጣ ብላ ፊቷን ወደ ወንዙ አዞረችና ስፒሉን ነቅላ አንድ ጣት አላልታ ሰካችው።